ሞረድ የነካው ካርድ

«ይሄ መሥሪያ ቤት የቀጠረው ጣትሽን ነው፤ አፍሽን አልቀጠረም።»

ይህን ያለኝ የክፍላችን ኃላፊ ነው፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ሁለት ሰው እየሰማ። እኔ ያልኩት «አይገባም፣ ተንጋዷል» ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተነሳ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። ኃላፊው በሁለት አውራ ጣቶቹ አንድ አረንጓዴ ካርድ ማዘርቦርዱ ላይ ወዳለው መሰኪያ ይጫናል። ካርዱ በአንድ ጫፉ ገባ ብሎ በሌላው ጫፉ ተንጠልጥሏል፤ ጠባብ ጫማ ውስጥ ተረከዙ አልገባ ያለ እግር ይመስላል። ይህን ለማየት ዓይን ይበቃል። ዓይን ግን በዚያ ቤት የሥራ መደብ አልነበረውም።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ጊዜ ነው። ያኔ ግን ይወድቃል ብሎ ጮክ ብሎ የሚያስብ ሰው አላውቅም። ቤቱ ኦሎምፒያ አጠገብ ነበር፤ ለመንግሥት የጭነት መኪናዎች መለዋወጫ የሚያከፋፍል ድርጅት። ፎቁ ላይ እኛ፣ ጓሮው ውስጥ መጋዘኑና ጋራዡ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ፣ የማትሪክ ነጥቤ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሳያደርሰኝ ቢቀር ታይፕ ተምሬ በኮንትራት የገባሁ ነኝ። ኮምፒዩተር ሲመጣ «ጣትሽ ፈጣን ነው» ተባልኩና ከታይፕ መኪናው አንስተው እሱ ፊት አስቀመጡኝ። ሥራዬ የመጋዘኑን ዓመታዊ ቆጠራ ማስገባት ነበር፤ ስንት ፍሬን ሸራ፣ ስንት ካንዴላ፣ ስንት ኩሽኔታ፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ።

ውሌ የሚያበቃው ሰኔ ሲያልቅ ነው። ኃላፊው «ቆጠራው ታትሞ ይውጣ እንጂ ቋሚ ትሆኛለሽ» ብሎ ምሎልኛል። ቋሚ መሆን ማለት ውል ለማሳደስ የሰው ደጅ አለመጥናት ማለት ነው። ካልሆንኩ ደግሞ ሐምሌ ሲገባ ሃያ ሁለት ማዞሪያ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ማየት ነው። እናቴማ ለሰፈሩ ሁሉ «የመንግሥት ሠራተኛ ሆነችልኝ» ብላ ከተናገረች ቆይታለች። ቃሏን ማን ያጥፍባት።

ኮምፒዩተሮቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ቀደም ብሎ ከሩቅ ምሥራቅ የተገዛ ነው፤ እኔ የምሠራው እሱ ላይ ነው። ውስጡ አማርኛ ፊደል ስክሪኑ ላይ የሚያወጣ ካርድ አለ። ያ ካርድ ከሌለ ማሽኑ አማርኛ መጻፍ ይቅርና ስክሪኑም አይበራም። ቆጠራው ደግሞ በአማርኛ ነው። ሁለተኛው ኮምፒዩተር ከወዳጅ አገር በስጦታ የመጣ ነው፤ ግራጫ፣ ኮመዲኖ የሚያክል፣ ለማንሳት ሁለት ወንድ የሚፈልግ። የሚያውቀው ፊደል የላቲንና የራሱን አገር ብቻ ነው። ከመጣ ጀምሮ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል።

ኃላፊው አንድ ቃል ይወድ ነበር፤ «ኮምፓቲብል»። ከሴሚናር ይዞት የመጣ ቃል ነው። «እነዚህ ሁለቱ ኮምፓቲብል ናቸው፤ የአንዱ ዕቃ ለአንዱ ይሆናል» ይላል። ስለ ሁለት ኮምፒዩተር ብቻ አይደለም። ምሳና ጎመን ኮምፓቲብል ናቸው። የእሱ ክራቫትና የእሱ ሸሚዝ ኮምፓቲብል ናቸው፤ አልነበሩም እንጂ።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ቅዳሜ ከወዳጅ አገር እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረን። ስጦታቸውን ሲሠራ ሊያዩ ነው የሚመጡት። በዚያው ሰዓት ኮሚቴ ተቋቋመ። በዚያ ቤት ኮሚቴ ሳይቋቋም የሽንት ቤት አምፖል አይቀየርም ነበር። ሰብሳቢው ኃላፊው ነው። አባላቱ ሁለት። አንዱ የጋራዡ ሹም ናቸው፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ሊቀ መንበር ስለሆኑ የሌሉበት ኮሚቴ የለም። ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ሌላው ከዚያው ከወዳጅ አገር ተምሮ የመጣ መሐንዲስ፤ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ የቆዳ ጃኬት ለባሽ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ። እኔ አባል አይደለሁም። ክዳን ሲከፈት ብሎን የምይዝ ነኝ።

ኃላፊው ሐሳቡን አቀረበ። ቅዳሜ ስጦታው ኮምፒዩተር በአማርኛ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት አለበት። ስለዚህ ካርዱ ከአሮጌው ይወጣና አዲሱ ውስጥ ይገባል።

«ቆጠራውስ?» አልኩ። «ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ካርዱ ከወጣ በምን ላትመው ነው?»

«ቅዳሜ ማታ ይመለሳል። ምን አስቸኮለሽ?»

«ሰኔ አስቸኮለኝ።»

መሐንዲሱ ሳቅ አለና ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

እዚህ ላይ ስለ ጋራዡ ካልተናገርኩ የሆነው ነገር የእብድ ሥራ ይመስላል። ጓሯችን ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ነበር። ሻንሲው የአንድ አገር፣ ሞተሩ የሌላ አገር፣ ካምቢዮው የሦስተኛ አገር፣ በሩ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ። የጋራዡ ሹም ናቸው አጋጥመው ያስነሱት። መለዋወጫ በማይገባበት ጊዜ የአንዱን ብረት ለሌላው እየሞረዱ፣ እየቀጠቀጡ፣ ቆርቆሮ እየጣፉ ይገጥማሉ፤ መኪናውም አሰብ ደርሶ ይመለሳል። ይህን አልንቅም። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያ መኪና ይታያል፤ ጋሼም አጠገቡ ቆመው «ሞረድ የማያስማማው ብረት የለም» ይላሉ። ቤቱ በሙሉ፣ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ በዚህ አባባል ነው የሚኖረው። ችግሩ ኮምፒዩተር ብረት መስሏቸው ነው።

ወደ ካርዱ ልመለስ። ኃላፊው እኔን በጣትና በአፍ ከፋፍሎ ከጨረሰ በኋላ ካርዱ ያው እንደተንጋደደ ነው። ጋሼ ቱታቸውን ሰብስበው ጎንበስ ብለው አዩት።

«ትንሽ ነው የሚቀረው» አሉ። «ሻንሲው ጠቦ ነው። ከዳር ከዳሩ ቢነካ ይገባል።»

«በምን ይነካ ጋሼ?» አልኳቸው።

«በምን ይነካል ብለሽ ነው ልጄ? በሞረድ ነዋ።»

መሐንዲሱን አየሁት። እሱ ቃለ ጉባኤውን ያያል።

«አንተ እዚያ አገር ተምረሃል» አልኩት። «ይሞረዳል?»

«በመርህ ደረጃ…» አለና ወደ ኃላፊው ዞረ።

«ኮምፓቲብል ነው» አለ ኃላፊው።

«በመርህ ደረጃ ኮምፓቲብል ነው» አለ መሐንዲሱ።

ሞረድ ከጋራዥ መጣ። ቀጭኑ ሞረድ ነው፤ ጋሼ ለረቂቅ ሥራ የሚያስቀምጡት። ካርዱን እንደ ሕፃን በጨርቅ ይዘው፣ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ሞረዱት። ወርቃማ ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ኃላፊው «ቀስ በል ጋሼ» ይላል፤ እሳቸው «አታስተምረኝ» ይላሉ። በጣም ደስ ብሏቸው ነበር ሁለቱም።

ከዚያ የማብሪያ ማጥፊያዎቹ ጉዳይ መጣ። ማዘርቦርዱ ላይ ከሩዝ ፍሬ ትንሽ ተለቅ የሚሉ ነጫጭ ማብሪያ ማጥፊያዎች በአንድ ረድፍ አሉ። ውስጡ የገባው ምን ዓይነት የስክሪን ካርድ እንደሆነ ማሽኑ የሚያውቀው በእነሱ ነው። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። የስጦታው መመሪያ በዚያ አገር ቋንቋ ነው የተጻፈው። መሐንዲሱ አነበበና «ሁለቱ ወደ ታች ይላል» አለ። ኃላፊው አሮጌውን ኮምፒዩተር ከፍቶ አየና «እዚህ ወደ ላይ ናቸው። ኮምፓቲብል ከሆኑ እዚያም ወደ ላይ ነው» አለ።

«መጽሐፉ ግን ታች ነው የሚለው።»

«መጽሐፉ የተጻፈው ለአማርኛ ነው?»

ነገሩ ለድምፅ ቀረበ። ወደ ላይ የሚሉ እጅ ያውጡ። ኃላፊው አወጣ፤ ጋሼ ሞረዱን እንደያዙ አወጡ። መሐንዲሱ መጽሐፉን ከደነና እሱም አወጣ። በሙሉ ድምፅ። በሕይወቴ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ቀበሌም፣ ወጣት ማኅበርም። ኤሌክትሪክ በየት በኩል ይለፍ ተብሎ እጅ ሲወጣ ያየሁት ግን እዚያ ብቻ ነው።

ካርዱ ገባ። ጋሼ በመዳፋቸው መታ ሲያደርጉት ቀጭ አለ። ኃላፊው ማብሪያውን ራሱ ጫነ። ማራገቢያው ዞረ፣ ውስጡ አንድ ነገር ጠቅ አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላውና ማራገቢያው ቆመ። ጋሼ አሸተቱና «ክላች ነው የሚመስለው» አሉ።

ካርዱን አውጥተው አሮጌው ውስጥ መለሱት። አሮጌው ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ሌላ ካርድ አገር ውስጥ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። እስካሁን ያስገባሁት ቆጠራ ሁሉ ዲስኩ ውስጥ አለ፤ የሚያወጣው ግን የለም። እኔ ያሰብኩት ያንን ነው። እነሱ የሚያስቡት ቅዳሜን ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ኃላፊው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። እንዲህ ሲቀመጥ «እኅቴ» ማለቱ አይቀርም።

«እኅቴ፣ ነገ አንቺ ነሽ ቤቱን የምታኮሪው። ስጦታውን መሀል ላይ እናደርገዋለን፤ ስክሪኑ ወደ ግድግዳው፣ ጀርባው ወደ በሩ። እንግዶቹ በር ላይ ይቆማሉ። አንቺ ቁጭ ብለሽ ትጽፊያለሽ።»

«ምኑ ላይ?»

«ኮምፒዩተሩ ላይ።»

«ሞቷል እኮ።»

«ቁልፎቹ አልሞቱም። ድምፅ ይሰጣሉ። ትንሽ ደቂቃ ነው።»

«ቋሚነቴስ?»

«ሰኞ ይፈረማል። ቆጠራውን አልጠይቅሽም።»

ትንሽ ደቂቃ የሞተ ዕቃ መደብደብና ዕድሜ ልክ መደብ። ያኔ ሂሳቡ ከባድ አልመሰለኝም። ቤታችን ሄጄ ለእናቴ «ሰኞ ቋሚ ነኝ» ብያት አደርኩ።

ቅዳሜ ግድግዳው ላይ በቀይ ጨርቅ «የወዳጅነታችን ፍሬ» ተብሎ ተሰቅሏል። ጭንቅላቴ ላይ ነበር የተሰቀለው፤ ፍሬዋ እኔ የሆንኩ ያህል። እንግዶቹ ገቡ፤ ሦስት ወንዶች፣ ከሥራ አስኪያጃችን ጋር። መጻፍ ጀመርኩ። ጥቁር መስታወት ፊት ቁጭ ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሚያሰለች የሚያውቀው የሞከረው ነው። ፊደል አይወጣ፣ ስህተት አይታይ። በመጀመሪያ የኩሽኔታ ዝርዝር ጻፍኩ። ከዚያ ማንም የማያየው ከሆነ ብዬ ስለ ኃላፊው የማስበውን ጻፍኩ። እሱን ስጨርስ ወደ ኮሚቴው ገባሁ። እጄ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሽበታም፣ መነጽሩ በክር የተንጠለጠለ፣ በር ላይ መቆም ሰለቸውና ጠረጴዛውን ዞሮ ከኋላዬ መጣ። ኃላፊው እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰበትም። ሰውየው ጥቁሩን ስክሪን አየ። ጣቶቼን አየ። ቀና ብዬ አየሁትና መጻፌን ቀጠልኩ፤ ምን ላድርግ። በቋንቋው አንድ ሁለት ቃል ተናገረ።

«ፍጥነቷ ያስደንቃል ይላሉ» አለ ተከትሎት ከኋላዬ የመጣው መሐንዲስ።

ሰውየው አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ጓሮ ወርደው መኪናውን አዩ።

ሲበተን መሐንዲሱን ኦሎምፒያ ያለ ቡና ቤት አገኘሁት። ማኪያቶ አዝዞ ጋዜጣ ያነባል። ሳልጋበዝ ተቀመጥኩ።

«ሰውየው ምን ነበር ያለው፣ እውነቱን?»

«‹እኛም አገር እንዲህ ነው› አለ።»

«ካርዱ ለምን እንዳልገባ ታውቅ ነበር?»

ጋዜጣውን አጠፈ። «የዚያ አገር መሰኪያ የሚለካው በሚሊሜትር ነው። የእኛ ካርድ በኢንች ነው የተሠራው። አንዱ ጥርስ ካንዱ ያለው ርቀት ለዓይን እኩል ይመስላል፤ ልዩነቱ ከፀጉር ያንሳል። ግን ጥርሱ ብዙ ነው። ልዩነቱ እየተጠራቀመ ይሄድና መጨረሻ ላይ አንዱ ጥርስ ሁለት መስመር ላይ ይቀመጣል። መብራት ሲመጣ ሁለቱን ያገናኛል። ያልቅለታል።»

«ሞረዱ ሲመጣ ታውቅ ነበር?»

«እዚያ አገር ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የተማርነው።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ኮምፓቲብል ነው ብሎ ጨርሷል እኮ። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል?» አለና ማኪያቶውን ጠጣ። «አንቺ ደግሞ ሰኞ ቋሚ ትሆኛለሽ። ምን አጣሽ?»

አምስት ዓመት በመንግሥት ወጪ ብርድ አገር ተምሮ፣ የሚያውቀውን ዋጥ አድርጎ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ምን ይባላል? ሂሳቡን እሱ ይክፈል ብዬ ተነሳሁ።

ሰኞ ከሰዓት ስብሰባ ተጠራ። ለፊርማ መስሎኝ ጠዋት ጸጉሬን ተሠርቼ ነበር የሄድኩት። ሰብሳቢው ኃላፊው፣ አባላቱ እነዚያው። አጀንዳው አንድ ነበር፤ በስጦታው ኮምፒዩተር ላይ ስለደረሰ ጉዳት።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ኮምፒዩተሩ ቅዳሜ ሲሠራ ነበር። እንግዶቹ አይተዋል፣ ሥራ አስኪያጁ አይተዋል፣ ተጨብጭቧል። ዛሬ ጠዋት ሲከፈት አይሠራም። በመጨረሻ የነካችው ጓዲት ናት።»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ዞር ዞር ብዬ አየኋቸው። የሚስቅ የለም።

«ማንም አይከስሽም» አለ ኃላፊው። «ሥራ አስኪያጁ ዕቃው ለምን እንደተበላሸ ጠይቀዋል፤ መልስ ያስፈልጋል። አንቺ ‹ባለማወቅ ሳላጠፋው ሄጃለሁ› ብለሽ ግለ ሂስ ታቀርቢያለሽ። ኮሚቴው ግለ ሂሱን ይቀበላል። የቋሚነትሽ ደብዳቤ እዚህ ነው፤ ዛሬውኑ ይፈረማል።»

ደብዳቤው በእርግጥ እጁ ሥር ነበር። ራሴ ነኝ ባለፈው ሳምንት በታይፕ የጻፍኩት።

«ልጄ» አሉ ጋሼ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አንዴ ተሳስቻለሁ በይና ተገላገይ። ግለ ሂስ ገድሎ አያውቅም። እኔ ስንቴ አቅርቤያለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ የሞረዱት?»

«እኔ የሞረድኩትማ ገባ። አልገባም?»

«ገብቷል» አለ ኃላፊው።

እነሱን ትቼ ወደ መሐንዲሱ ዞርኩ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ነው።

«ቅዳሜ ከኋላዬ ቆመህ ስታስተረጉም ነበር። ስክሪኑ ላይ ምን ተጽፎ አየህ?»

ኃላፊውን አየ። ደብዳቤውን አየ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ።

«በአማርኛ?»

«በአማርኛ።»

«እንዲህ ጥርት ብሎ?»

«ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ።

«እኔ ግን እንኳን ደህና መጣችሁ አይደለም የጻፍኩት» አልኩ። «ይሠራ ከነበረ የጻፍኩትን አንብባችኋል ማለት ነው።»

«ምንድን ነው የጻፍሽው?» አለ ኃላፊው።

ነገርኩት። ከኩሽኔታው ቀጥሎ ያለውን ሁሉ፣ በተራ፣ በጻፍኩት ቃል። ኃላፊው አሮጌ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ኮት እንደሆነ፤ ክራቫቱ ከሸሚዙ ጋር ተጣልቶ እንደሚኖር፤ አንድ ቃል ከሴሚናር ይዞ መጥቶ በእሱ ሁለት ኮምፒዩተር እንደገደለ። ጋሼ በሞረድ ጸሎት ቢያደርሱ እንደሚቀላቸው። መሐንዲሱ በሁለት ቋንቋ ዝም ማለት ተምሮ እንደመጣ። ሥራ አስኪያጁ ሲጨበጨብ እንደሚያጨበጭብ፣ ለምን እንደሆነ ግን ሳይጠይቅ ጡረታ እንደሚወጣ። ሳልቆጣ ነው የነገርኳቸው፤ የመደርደሪያ ቁጥር እንደማነብ።

ጋሼ ጣሪያውን ያያሉ። የኃላፊው ጆሮ ቀልቷል። መሐንዲሱ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ይሄም ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ?» አለ።

«ዝም በል» አለው ኃላፊው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እሺ። ይሄን አልሰማንም። ስብሰባው አላለቀም። ግለ ሂስሽን አቅርቢና ይፈረም። እናትሽን አስቢ።»

ሹራቤን ከወንበሩ ጀርባ አነሳሁ። ጃንጥላዬ መስኮቱ ሥር ነበር፤ እሱንም አነሳሁ። ጋሼ ለማሳለፍ እግራቸውን ሰበሰቡ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ፣ ደረጃውን ወርጄ በጥበቃው ፊት አለፍኩ፣ ዝናቡም እየጀመረ ስለነበር ጃንጥላዬን ዘርግቼ ወደ ሃያ ሁለት መንገዴን ያዝኩ።